ልጃችንን ለመለሰችልን እህታችን፦ በአደባባይ የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ጽሑፍ የማወጣው በልጄ ሙሉ ፈቃድ መሆኑን እወቁልኝ። ስሙን አልጽፍም። የማመሰግናት እህታችንም ስሟን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለ ለመነችኝ ቃሏን አክብሬ ትቼዋለሁ። በቺካጎ ሰሜናዊ ክፍል በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ በሱስ የተያዙ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን የምታማክር የአገራችን ልጅ ናት። ልጄ ዛሬ የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ከክኒን ከተላቀቀ 22 ወር ሞልቶታል፤ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ለዚህ ያበቃችን እርሷ ናት። ልጅ የተያዘበት ወላጅ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ እርሷ እንዲሄድ ከወዲሁ አደራ እላለሁ፤ ይህንኑ አደራ ከታች ደጋግሜ ብናገር አትታዘቡኝ።

እኔ ደሴ ውስጥ ለ16 ዓመታት የአማርኛ መምህር ነበርሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ አረጋውያንን ትንከባከባለች። ልጃችን ክፍሉን ዘግቶ በማይክሮፎን ሲያነበንብ ስንሰማ የልጅነት ጨዋታ መስሎን ዝም እንል ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2019 እሑድ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አልጋው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አገኘነው። ምን ሆንህ ስለው አንድ ራፐር እዚሁ ከተማችን፣ ሚድዌይ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መሞቱን ነገረኝ። «ለማታውቀው ሰው፣ ያውም ለአዝማሪ፣ እንዲህ ይለቀሳል?» አልሁት። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሙዚቃው አንድም ቃል ነግሮኝ አያውቅም፤ ያን ንግግሬን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ሦስት ዓመት አልፎ በ17 ዓመቱ ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ሊቆም ደርሶ አገኘችው። አምቡላንስ ደርሶ አተረፈው። ከዚያ በኋላ ያየነውን ፍዳ በዝርዝር ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ የቦታዎቹንና የሰዎቹን ስም ግን አላነሣም። በመጀመሪያው ቦታ አስተርጓሚ አልተሰጠንም። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ እንግሊዝኛዋ ለሕክምና ቃላት አይበቃም። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ልጄ ሱስ የተናገረውን ለእናቱ ያስተረጎመላት ልጄ ራሱ ነበር! ሐኪሙ ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ ልጄም «እንቅልፍ አጥቶ ነው፣ እረፍት ያስፈልገዋል አለ» ብሎ ጨረሰው። እናቱም ምስኪን ሐኪሙን አመስግና ልጇን ይዛ ወጣች። እውነቱን ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ፣ የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

ቀጥሎ የሄድንበት የማገገሚያ ቦታ ደግሞ ዕቁባችንን አስወጥተን፣ ከዘመድ ተበድረን የከፈልነውን ገንዘብ ተቀብሎ ልጁን በዘጠነኛው ቀን አንድ ወረቀት አስጨብጦ አሰናበተው። ስልክ ብንደውል የሚያነሣ ጠፋ። ምክር ፈልገን ገመናችንን ያካፈልነው አንድ የምናከብረው ሰውም ነገሩን በሳምንት ውስጥ ለማኅበርተኛው ሁሉ አዳረሰው። «አገር ቤት ላኩት» የሚለን በዛ፤ ቤታችን መጥቶ «እንዴት ናችሁ» የሚለን ግን ጠፋ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ወደ እህታችን ክሊኒክ ስንሄድ ተስፋ ይዘን የሄድን አይደለንም። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ የሆነች ፊሊፒናዊት አድራሻውን ጽፋ ስለ ሰጠቻት፣ እምቢ ማለቱ ነውር ስለ መሰለን ብቻ ነው የሄድነው።

የመጀመሪያው ቀን አልረሳውም። ሐኪሟ ጥያቄ ስትጀምር ልጄ እንደ ልማዱ ለእናቱ ሊያስተረጉም አፉን ከፈተ። እህታችን እጇን በቀስታ አንሥታ አስቆመችው። «የኔ ወንድም፣ አንተ ዛሬ ታካሚ ነህ። ታካሚ የራሱን ሕመም ሲያስተረጉም አይውልም፤ ይደክምሃል» አለችው። በቁጣ አልነበረም። ከዚያ እርሷው ቃል በቃል፣ ምንም ሳታሳምርና ሳታስጨንቅ ታስተረጉምልን ጀመር። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅንም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ማስተርጎም እንደማይፈቀድ ያን ቀን ከእርሷ ሰማን። ስንት ዓመት እዚህ ኖረን ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። ልጄን አየሁት፤ ትከሻው ወረደ። ሸክም ያወረደ ሰው ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል እኔን ብቻዬን አስቀረችኝና ልጄ የሚያዳምጠውን ሰው አውቀው እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አውቀዋለሁ፤ ልጄን ያበላሸው እርሱ ነው» አልኋት። አልተከራከረችኝም። «መምህር፣ እንግዲያውስ ታሪኩን ልንገርዎት» ብላ ስለዚያ በ14 ዓመቱ ስላስለቀሰው ራፐር ነገረችኝ። የመድረክ ስሙ ጁስ ዎርልድ፣ የእናት የአባት ስሙ ጃራድ አንቶኒ ሂጊንስ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1998 ተወልዶ ከቺካጎ በስተ ደቡብ ባሉት ከተሞች፣ ከእኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ አደገ። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ተለያይተው ያሳደገችው እናቱ ካርሜላ ዋላስ ናት። ሃይማኖቷን አጥባቂ፣ ሂፕ ሆፕ የሚባል ነገር ቤቷ እንዳይሰማ የከለከለች እናት ነበረች። ከፍላ ፒያኖ እንዲማር ያደረገችውም እርሷ ናት። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ፤ እኔ በሐሳቤ የሣልሁት ወላጅ የሌለው፣ ጎዳና ያሳደገው ልጅ ነበር። ለካ ቤታቸው የእኛን ቤት ይመስላል።

ልጁ ገና ተማሪ ሳለ የሠራቸውን ዘፈኖች ሳውንድክላውድ በሚባል የሙዚቃ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ይጭን ነበር። ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ያለበትን የሳል ሽሮፕ ከለስላሳ መጠጥ ጋር ቀላቅሎ መጠጣት የጀመረውም ተማሪ ሳለ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ ሱሱ ዝናውን ቀድሞታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ፤ በዚያው ዓመት አንድ ዘፈኑ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ በመጋቢት 2019 ደግሞ አልበሙ አንደኛ ሆነ። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ስለ ክኒኑ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ ዕድሜው አጭር ይሆናል ብሎ ስለ መፍራቱ በዘፈኖቹ ሳይደብቅ ተናገረ፤ ሚሊዮኖችም ዜማውን አብረውት አዜሙ። እኔ እንደ መምህር የሚከነክነኝ ይህ ነው። አንድ ተማሪ በድርሰቱ ላይ «ልሞት ነው» ብሎ ቢጽፍ ወላጁን አስጠራለሁ እንጂ ለአጻጻፉ ማርክ ሰጥቼ አላልፍም። ለዚህ ልጅ ግን ጭብጨባ ተሰጠው። 21 ዓመት በሞላው በስድስተኛው ቀን ከካሊፎርኒያ የመጣበት አውሮፕላን ሚድዌይ አርፎ ፖሊሶች ሻንጣ ሲፈትሹ በድንገት ተንፈራግጦ ወደቀ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ያፈኑትን ትንፋሽ የሚመልሰው ናርካን የሚባለው መድኃኒት ቢሰጠውም አልተረፈም። የኩክ ካውንቲ የአስከሬን መርማሪዎች ኦክሲኮዶን የሚባል ብርቱ የሕመም ማስታገሻና ኮዴይን፣ ሆን ተብሎ ሳይሆን በአደጋ፣ እንደ ገደሉት አስታወቁ።

እህታችን ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ የጨመረችው ነገር ነው የያዘኝ። ያቺ እናት የልጇን ሕመም አልሸፈነችም። ልጇ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ሱሰኛ እንደ ነበረ በይፋ ተናገረች፤ በ2020ም በስሙ በሱስና በአእምሮ ጭንቀት የተያዙ ወጣቶችን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመች። እኔ ደግሞ የሞተ ሳይሆን በሕይወት ያለ ልጅ ይዤ «ሰው ምን ይለኛል» እያልሁ ስሸሽግ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተጸነሰው ያን ቀን ነው፤ ልጄን እስካስፈቅድና እኔም እስክደፍር ነው የዘገየው።

ከዚያም የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ለመምህር የቤት ሥራ! «መምህር፣ ልጅዎ ራሱ ከዘፈናቸው ዘፈኖች አንዱን ወደ አማርኛ ይተርጉሙልኝ፤ የማያውቁትን ቃል እርሱን ይጠይቁት» አለችኝ። መጀመሪያ ቀለል አድርጌ አየሁት። ማታ ከልጄ ጋር የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፤ እርሱ በስልኩ እያሰማኝ፣ እኔ ወረቀትና ብዕር ይዤ። ቤት አመታቱ እንዴት ያለ መሰላችሁ! አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ ሰምና ወርቅ ነው ብዬ ብነግረው «ሰም ምንድን ነው አባዬ?» አለኝና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ቅኔ አወራሁለት። ከልጄ ጋር ግማሽ ሰዓት ያወራሁት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላስታውስም። አራተኛው ስንኝ ላይ «ሰማያዊዎቹ» የሚል ቃል መጣ። ሰማይ መስሎኝ ጻፍሁ። «ክኒኖቹ ናቸው አባዬ» አለኝ ቀና ሳይል። ከዚያ በታች ያለውን ስንኝ ስተረጉመው እንዲህ ወጣልኝ፦ «አባቴ ሌሊቱን የሰው መኪና ሲጠብቅ ያድራል፤ እኔ ግን በሩ ክፍት ሆኖ ያደርሁ ንብረት ነኝ።» ብዕሩን አስቀመጥሁ። ሁለታችንም አላለቀስንም፤ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። ሁሉንም ነገር፣ የመጀመሪያዋን ክኒን ማን እንደ ሰጠው ሳይቀር፣ ያን ሌሊት ነገረኝ። አንድም ሐኪም፣ አንድም መሣሪያ ያላወጣውን ነገር ያቺ ልጅ በአንድ የቤት ሥራ አወጣችው።

ስለ ሕክምናው ብዙ አትጠይቁኝ፤ እኔ ራሴ በቅጡ አልገባኝም። ከምላስ ሥር የምትቀመጥ ነገር በየቀኑ ይወስዳል፤ ባለቤቴ «ሱስን በሱስ መለወጥ አይሆንም ወይ?» ብላ ስትጨነቅ እህታችን የስኳር በሽታ ያለባቸውን እናቷን ምሳሌ አድርጋ አስረዳቻት። ጠበላችንንም አላስተወችንም፤ «ጠበሉንም መድኃኒቱንም» ነው ያለችን። የምትለምነን ግን አንድ ነገር ነበር፤ ናርካኑ ከቤት እንዳይጠፋ። መንገድ ላይ የሚሸጡት ክኒኖች ብዙዎቹ ሐሰተኛ ናቸው፤ ፈንታኒል የሚባል ብርቱ ነገር ይገባባቸዋል፤ አንዲት ፍሬ ትንፋሽ ልታቆም ትችላለች። አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ከተማችን ውስጥ በአንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃም ይገኛል። ረጭቶ ዝም ማለት ሳይሆን ወዲያው 911 መደወል እንዳለብን ደጋግማ አስጠናችን። አንድ ቅዳሜ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የ78 ዓመቷን አማቴን ጭምር በባዶ ዕቃ አለማመደቻቸው። አማቴ «በአፍንጫ ነው? እንደ ሱረት?» ብለው ሲጠይቁ ልጄ ሳቀ። በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ ሳቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። አንድ ጊዜ ተመልሶ ወድቋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደወልሁላት፤ አነሣችው። «ተቆጥተውታል?» አለችኝ በመጀመሪያ። «አልተቆጣሁም» አልኋት። «እንግዲያው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አምጡት» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እንዲህ ያለ ሰው ስንቱ ያገኛል? በገንዘብ እንኳ የጠየቁን እንደ ገቢያችን ነው፤ ከዘጠኝ ቀኑ ቦታ ዕዳ ጋር ሲነጻጸር የሚወራ አይደለም።

ወገኖቼ፣ ልጄ ዛሬም ይዘፍናል። የሚያዳምጡት ብዙ አይደሉም፤ ግን ሲቀርጽ በሩን አይዘጋም፤ አንዳንዴም የጻፈውን አምጥቶ ያሳየኛል፤ እኔም ቤት ያልመታውን አርምለታለሁ። ይህን ጽሑፍም አንብቦ የዘፋኙን ስም አጻጻፍ አርሞልኛል።

ልጃችሁ ክፍሉን ዘግቶ ከዋለ፣ ገንዘብ ከጠፋባችሁ፣ ዓይኑ ከጠበበባችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ወደዚህች ልጅ ሂዱ። ቺካጎና አካባቢው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የክሊኒኩን አድራሻና የምትገኝባቸውን ቀናት በዚያው ቀን እልክላችኋለሁ። እኔን ጠቅሳችሁ ሂዱ፤ ባትጠቅሱኝም ትቀበላችኋለች። ብቻ ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ እንዳትገቡ፤ ከበር ላይ ታስቆመዋለች።