ቻርጅ አልይዝ ያሉን ሁለት ጄል ባትሪዎች፦ ከ11 ወር በኋላ

የፋሲካ ሰሞን ላንጋኖ ዳር መኪናችን ውስጥ ተኝተናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት አድርጎ የሚቀይረው ሳጥን) ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቡ «ስልክሽን አጥፊው» አለኝ። ስልኬ አልነበረም። ባትሪው አልቆ ነው። ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት የልጆቹ ወተት ረግቷል፤ ከበዓሉ የተረፈው ዶሮ ወጥም አያስተማምንም። ከቤት ከወጣን ገና ሁለተኛ ሌሊታችን ነበር።

መኪናችን አሮጌ ሃይሩፍ ናት። ወንበሮቿን አውጥተን አልጋ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ፣ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ፣ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ባለ 150 ዋት ሶላር ገጥመንላታል። እዚህ ሐዋሳ ሰፈራችን «ቪላዋ» ይሏታል። የቪላዋን ነገር ሁሉ የሚሸከሙት ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ድረስ ሄደን የገዛናቸው ሁለት ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪዎች ናቸው (አምፒር-ሰዓት ባትሪ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት ነው)። በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ታስረው 200 ይሆናሉ። ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪ ሌላ ነው፤ እሱ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው። የጄሎቹን ማርካ አልጽፍም። ጥፋቱ ምን ያህሉ የነሱ፣ ምን ያህሉ የኛ እንደሆነ ስታነቡ ለምን እንደተውኩት ይገባችኋል።

ከጥቅምት እስከ የካቲት አንድም ቀን አላስቸገሩንም። አርባ ምንጭ ደርሰን ተመልሰናል። ወንዶ ገነትማ በየሁለት ሳምንቱ ነበርን። ያኔ ይህን ጽሑፍ ብጽፈው ኖሮ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር። መጋቢት ላይ ነገሩ ተቀየረ። ማታ 4 ሰዓት ሲል ፋኑ ልፍስፍስ ይላል፤ የውሃ ፓምፑ ድምፁ ይወፍራል። ከዚያ ፋሲካና ላንጋኖ መጣ።

ምክር አልጠፋም። አንዱ ጋራዥ «ዲናሞው ነው፣ ቀይሪው» አለኝ፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪዎቹን የሚሞላውን ማለቱ ነው። ሌላው የባትሪውን ሳጥን እንኳ ሳይከፍት «ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ጎረቤታችን ደግሞ ካቻቢቴ ይዞ መጣ፤ ክዳኑን ፈልቅቆ የባትሪ ውሃ ሊጨምርበት። እግዚአብሔር ይስጠው፣ በቅንነት ነው። ግን ጄል ባትሪ ድፍን ነው። ውስጡ ያለው አሲድ ረግቶ የተቀመጠ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም፤ ከተከፈተ አበቃለት።

ሻጩ ጋ ስደውል የ6 ወር ዋስትናው ካለፈ 12 ቀን ሆኖት ነበር። «እናንተ ናችሁ የገደላችሁት» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አሁን ሳስበው ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹ ብቻ! ጄል እንዴት እንደሚያዝ አንዲት ቃል አልነገረንም። ገመዱን የዘረጋውም የሱው ሠራተኛ ነው።

በመጨረሻ ከመናኸሪያው ወዲያ ወዳሉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰውዬ ናቸው። «ጋሼ፣ ባትሪዬ ቻርጅ አልይዝ አለኝ» አልኳቸው። መኪናዋን እንኳ ሳያዩ ጠየቁኝ፦ «እንስራው ነው የሚያፈሰው ልጄ፣ ወይስ ከምንጩ ሳትሞይው ነው የመጣሽው?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ጋራዥ ዞሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። «ቻርጅ አይዝም» የምንለው ነገር ለካ ቢያንስ ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። አንደኛው ባትሪው ከመጀመሪያውም አይሞላም። ሁለተኛው ይሞላል፤ ግን እኛ ሳናውቅ የሚጠጣው ነገር አለ። ሦስተኛው ባትሪው ራሱ አርጅቷል። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። አዲስ ባትሪ መግዛት የሚጠቅመው ለሦስተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካሉ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሞታል፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሁለቱን ባትሪዎች ለያይቶ ምንም ሳይነኳቸው ማሳደር ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ሶላሩ ሲያስገባ ከዋለ በኋላ ወዲያው እለካና 13.1 ቮልት ሳይ ሙሉ ነው እል ነበር። «እሱ ላይ ላዩን ነው፤ ይዋሽሻል» አሉኝ። ሙሉ ጄል ካረፈ በኋላ 12.8 አካባቢ ላይ መቆም አለበት። 12.2 ወይም 12.3 ካለ ግማሹ የለም ማለት ነው። ጠዋት ስንለካ አንዱ 12.6፣ ሌላው 12.2 አሳየ። አንድ ላይ ታስረው ሲኖሩ ይህ አይታይም። ደካማው ብርቱውን እየጠባ እኩል የሆኑ ያስመስላል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና ቴስተሩን ዲናሞው ላይ አደረጉ፦ 14.2። እንከን የለውም። ያ «ዲናሞ ቀይሪ» ያለኝ ሰው ብሬን ሊያስበላኝ ነበር። ከዚያ ወደ ጄሎቹ ሄደው የባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ፦ 13.5። መልሰው ለኩ። ያው ነው። በመሀል 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የተዘረጋው ገመድ ባለ 6 ሚሊ (ካሬ) ነበር፤ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 10 ሜትር። ጋሼ እጄን ይዘው ገመዱን አስነኩኝ። ይሞቃል። ለባትሪዬ ይደርስ የነበረው ነገር የመኪናዋን ወለል ሲያሞቅ ከርሟል።

ቤት ገብቼ ሂሳቡን ሠራሁት፤ ልክ ነው። 25 አምፒር በ10 ሜትር ባለ 6 ሚሊ መዳብ ላይ ሲሄድ 0.7 ቮልት ገደማ ይጠፋል። ጄል ደግሞ በደንብ ለመሙላት ከ14.1 እስከ 14.4 ባለው መሀል ይፈልጋል። በ13.5 ይቀበላል፤ ግን ሆዱ አይሞላም። እኛ እነዚህን ባትሪዎች ከገዛናቸው ጀምሮ ምናልባት አንድም ቀን አጥግበናቸው አናውቅም።

በጎደሎ የኖረ ባትሪ ምን ይሆናል? ቻርጅ ሲወጣ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ላይ ሰልፌት ይለብሳል። ወዲያው ቢሞላ ይሄ ልባስ ለስላሳ ነው፣ ይለቃል። ለሳምንታት ከተተወ ግን ድስት ቂጥ ላይ እንዳረረ ሽሮ ይጋገራል። ያ የተጋገረበት ክፍል ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይቀበልም። ባትሪው ላይ 100 ተብሎ ተጽፏል፤ የሚሠራው ግን 60 ወይም 30 ይሆናል። ቶሎ «ሞላሁ» ይላል፣ ቶሎም ያልቃል።

ሁለተኛው በሽታም ነበረብን። ሁሉን አጥፍተን፣ ፍሪጁንም ነቅለን፣ ጋሼ ቴስተሩን መስመሩ መሀል አስገቡት። ዜሮ መሆን ነበረበት። 1.2 አምፒር አለ። ፊውዝ በፊውዝ እየነቀልን ስንፈልግ ኢንቨርተሩ ሆኖ ተገኘ። ምንም ባይሰካበትም አዝራሩ እስከበራ ድረስ ይበላል። ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለችው፤ ልጆቹ ማታ ጨለማ እንዳይፈሩ ብለን ነበር ሳናጠፋት የምናድረው! 1.2 አምፒር በ24 ሰዓት 29 አምፒር-ሰዓት ነው። ፍሪጃችን ራሱ በቀን 40 ገደማ ነው የሚጠቀመው። መብራት፣ ፋን፣ ፓምፕ፣ ስልክና ላፕቶፕ ተደምረው 25። ስለዚህ በቀን 94 እያወጣን፣ ሶላሩ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 42 ያህል ይመልሳል። ጄልን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ከ200ው ልንጠቀም የሚገባን 100 ነው። ላንጋኖ ላይ ሁለተኛው ሌሊት የከዳን በአጋጣሚ አልነበረም።

ሙቀቱን በአጭሩ ልለፈው። የሃይሩፍ ሞተር ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። የባትሪው ሳጥን ደግሞ ልክ ከሹፌሩ ጀርባ ነበር የተገጠመው። የሐዋሳ አየር ለባትሪ ክፉ አይደለም፤ ከአርባ ምንጭ ስንመለስ ግን ሳጥኑ እጅ አያስነካም ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይባላል። አሁን ወደ ኋላ፣ ከአልጋው ሥር አዛውረነዋል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጋዝ ስለሚያወጣ ከተኛንበት ሥር አናስቀምጠውም ነበር።

ታዲያ ባትሪዎቹ ምን ያህል ተጎድተዋል? ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገንም። ጋሼ ሁለት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ሰጡኝ፣ እያንዳንዳቸው 55 ዋት። «ሙሉ አድርገሽ ሙዪያቸው፣ አሳርፊያቸው፣ ከዚያ አብሪና ሰዓት ያዥ። 10.5 ሲደርስ አጥፊ፤ ከዚያ በታች እንዳታወርጂው» አሉ። አንድ አምፖል 4.5 አምፒር ያህል ይጠጣል። ደህና ባለ 100 ባትሪ ወደ 20 ሰዓት ያህል ያበራዋል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም አበራን። ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ። ልጆቹ «የባትሪ ልደት ነው» ብለው አልተኛም አሉ። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ እየወጣሁ እለካለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደካማው 3 ሰዓት ላይ 11.9 ነበር፤ 5 ሰዓት ላይ 11.3። ከዚያ እንደ ድንጋይ ወደቀ። እኩለ ሌሊት ላይ 10.5። ስድስት ሰዓት ብቻ፤ 27 አምፒር-ሰዓት ማለት ነው። ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ቆመ። ባለቤቴ ተቀብሎኝ ሲጠብቀው አድሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አጠፋው። 15 ሰዓት፣ 67 አምፒር-ሰዓት። አንድ ቀን፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ማርካ፤ እንዲህ ተለያይተው አረጁ። ፖዘቲቩም ኔጋቲቩም ገመድ የወጣው ከአንዱ ባትሪ ላይ ስለነበር ቅርቡ ብዙ ሥራ እየሠራ ኖሯል። በፓራለል ሲታሰር ፖዘቲቩን ከአንዱ፣ ኔጋቲቩን ከሌላው ማውጣት ነበረበት። ይህችን የሻጩ ሠራተኛ ሊያውቃት ይገባ ነበር።

ከሰኔ ጀምሮ የምንንቀሳቀሰው በደህናው ባትሪ ብቻ ነው። አዲስ ገዝቼ ከአሮጌው ጋር እንዳላስር ጋሼ በጥብቅ ከልክለውኛል፤ አሮጌው አዲሱን ያስረጀዋል። ገመዱ ባለ 25 ሚሊ ሆኗል፤ ርቀቱ ቢጨምርም አሁን የባትሪው ጫፍ ላይ 14.0 ይደርሳል። ኢንቨርተሩ ላፕቶፕ ሲኖር ብቻ ይበራል። ልጆቹ በትንሽ የእጅ ባትሪ ተኝተዋል፤ አልሞቱም። የሶላሩ መቆጣጠሪያም ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ በ14.6 ላይ ተስተካክሎ ነበር የተሰጠን። ሶላራችን ትንሽ ስለሆነ እዚያ አልደረሰም እንጂ ጄሉን ያደርቀው ነበር። ወደ 14.2 አወረድነው። ክረምቱ ዳመና ስለነበር በሳምንት አንድ ሌሊት ግቢ ውስጥ በግድግዳ ቻርጀር ሙሉ እናሳድረዋለን። ነሐሴ ላይ አምፖሉን ደገምኩት፦ 16 ሰዓት፣ 72 አምፒር-ሰዓት። ትንሽ አገግሟል። አላመንኩም ነበር።

አሁን ስለ ዕቃው ልፍረድ። ጄል አያፈስም፣ አይሸትም። መኪናዋ አንድ ወር ቆማ ብንመለስ ብዙም አይወርድም። በሌላ በኩል አንዱ 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ ወገቤን ጠይቁት። ለመሙላትም ቀርፋፋ ነው። በሁለት ሰዓት መንገድ የሚጠግብ የሚመስለው ካለ አይግዛው፤ የመጨረሻዋን ሩብ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። አምስት የነበረው ኮከቤ አሁን ሦስት ተኩል ነው። ለሻጩ ዜሮ።

ወዳጆቻችን «ሊቲየም ግዢና ተገላገዪ» ይሉናል። ይማርከኛል፤ ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው፣ ከ100ው 80 እና 90 ያለ ሐሳብ ይወጣል፣ በጎደሎ መኖርም አይጎዳውም። ግን ሊቲየም በቀጥታ ከዲናሞ ጋር ሲገናኝ የተሰጠውን ሁሉ ስለሚውጥ ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል፤ በመሀል የሚመጥነው ቻርጀር ያስፈልገዋል። ያ ሌላ ወጪ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቻርጅ አይደረግም። ይህ ሐዋሳ ላይ የሚያስቅ ነገር ነው፤ እኛ ግን ለጥር ያሰብነው ባሌ ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ላይ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ስለዚህ ለጊዜው ከአንዲት ጄላችን ጋር እንዘልቃለን።

ደካማውን ሁለት ሦስቴ ቀስ አድርገን ሞላነው፤ ከ27 ወደ 36 ወጥቶ እዚያው ቀረ። አሁን ሳሎን ጥግ ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ ሁለት አምፖልና ዋይፋዩን እስኪነጋ ይይዛል። ጎረቤታችን ቡና ሊጠጣ በመጣ ቁጥር ክዳኑን አተኩሮ ያየዋል። ካቻቢቴውን ደብቄበታለሁ።