ለልጄ የሒሳብ መምህርት ምስጋና፣ ሐዋሳ ውስጥ አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ የሚያስጠኑ አንዲት መምህርትን በአደባባይ ለማመስገን፣ በልጁ የሒሳብ ውጤት እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ካለም ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬ መምህርት እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ልጄ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ በሒሳብ የደረጃ ተማሪ ነበረች። 11ኛ ክፍል ማትሪክስና ቬክተር ሲመጣ ውጤቷ መውረድ ጀመረ፤ ዘንድሮ ካልኩለስ ሲጀመር ደግሞ የመጀመሪያውን ቴስት ከ20 ሰባት አምጥታ መጣች። እኔን ከውጤቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ የእርሷ ሁኔታ ነበር። ደብተሯን ከፍታ ስትቀመጥ የምትሠራው የመጽሐፉን ጥያቄ ሳይሆን የውጤቷን ድምር ነበር፤ ሚድ ላይ ይህን ያህል ባመጣ፣ አሳይመንቱ ሙሉ ቢሰጠኝ፣ ፋይናሉ ላይ ስንት ይቀረኛል እያለች የደብተሯን የኋላ ገጾች በቁጥር ሞልታቸው ነበር።

ይህን ጭንቀት «የልጅ ነገር» ብሎ ማለፍ የሚቻል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ልጆቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ከመቶው ውስጥ ከዘጠና በላይ የሚሆነው እንደሚወድቅ እያወቀ የሚያጠና ልጅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

መምህርትን ያገኘኋቸው ልጇን ባስተማሩላት ጎረቤቴ በኩል ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጄ የቴስት ወረቀቷን አፍራ ስትሰጣቸው፣ በቀይ እስክርቢቶ ውጤቱ የተጻፈበትን የወረቀቱን ጥግ ወደ ውስጥ አጠፉትና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የቀረበላቸውን ወረቀት ሁሉ ያዩት በዚሁ መንገድ ነው። ቁጥሩ ምን ያህል እንደጎደለ እንጂ የቱ ጋ እንደጎደለ እንደማይናገር ለእርሷም ለእኔም በትዕግሥት አስረዱን።

ከስህተቶቿ አንዱ እንዲህ ነበር። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ለኤክስ ሲቀነስ 3 ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ሊሚቱ፣ ማለትም ውጤቱ የሚጠጋበት ቁጥር፣ ስንት ነው ይላል ጥያቄው። ልጄ 3ን ተክታ ከላይም ከታችም ዜሮ ስታገኝ «ሊሚት የለውም» ብላ ጽፋ ነበር። መምህርት ስለ ሊሚት ምንም ሳይናገሩ «እስቲ የላይኛውን ፋክተራይዝ አድርጊልኝ» አሏት፤ በብዜት መልክ ጻፊው ማለታቸው ነው። ልጄ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በታችኛው ክፍል የተማረችው የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ነበር፤ ኤክስ ሲቀነስ 3 እና ኤክስ ሲደመር 3 ተባዝተው የሚሰጡት ነው። ያን ከጻፈች በኋላ ከላይና ከታች ያለው ኤክስ ሲቀነስ 3 ተጣፍቶ ኤክስ ሲደመር 3 ቀረ፣ መልሱም 6 ሆነ። ከዚያም በብሔራዊ ፈተናው ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ በእጇ እንድታረጋግጥ፣ በ3 ፋንታ 2.99 እንድትተካ አደረጓት። 2.99 በራሱ ሲባዛ 8.9401 ነው፤ 9 ሲቀነስ ከላይ ኔጌቲቭ 0.0599፣ ከታች ደግሞ ኔጌቲቭ 0.01 ይሆናል፤ ሲካፈል 5.99 ይመጣል። ልጄ 5.99ን ስታይ «በቃ፣ ወደ 6 እየተጠጋ ነው!» ብላ ጮኸች። መምህርትም «ልጄ፣ ካልኩለሱ አልከበደሽም፤ ታች የቀረ ነገር አለ» አሏት።

በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፉት ፋክተራይዜሽን፣ የክፍልፋይ ስሌትና የኤክስፖነንት ሕጎችን በመከለስ ነበር። ትምህርት ቤቱ ወደፊት ሲሮጥ እኛ ወደኋላ መመለሳችን አሳስቦኝ ስጠይቃቸው፣ በካልኩለስ አዲሱ ሐሳብ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ እንደሆነና ቀሪው የታችኛው ክፍል አልጀብራ እንደሆነ አስረዱኝ፤ ለምሳሌ የአንድን ፈንክሽን ከፍተኛ ነጥብ ለማግኘት ዴሪቬቲቩን (የለውጡን ፍጥነት የሚያሳየውን) ማውጣት ደቂቃ የማይፈጅ ሲሆን፣ ዜሮ ላይ አድርጎ ኢኩዌሽኑን መፍታቱ ግን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል እውቀት ነው። እውነታቸውን እንደነበር በደብተሯ ላይ አይቻለሁ።

ሌላው ከልብ የማመሰግናቸው ስህተትን እንድትለይ ስላስተማሯት ነው። ከእያንዳንዱ ቴስት በኋላ የሳተችውን ሁሉ፣ ያላወቀችው፣ እያወቀች የሳተችው እና ጊዜ ያጠራት በሚል ለይታ ትጽፋለች። አብዛኛው በሁለተኛው ረድፍ መገኘቱ እኔንም አስገርሞኛል። በቅንፍ ያለ 3 ኤክስ ሲደመር 1 በ5 ፓወር ከፍ ብሎ ዴሪቬቲቩን ስትጠየቅ፣ 5ቱን ወደ ፊት ታወርድና የውስጡን 3 ማባዛቱን ትረሳዋለች፤ በ15 መጀመር የነበረበት መልስ በ5 ይጀምራል። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ የምርጫ ፈተና ነው። ፈታኙ ተማሪ የት እንደሚስት ስለሚያውቅ የተሳሳተውንም መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ መልሴ ከምርጫው ውስጥ አለ ብሎ መተማመን እንደማይገባ መምህርት ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ይነግሯቸዋል። ይህን ምክር ለሁሉም ተፈታኝ ባደርስ ደስ ይለኛል።

ለእኔም የሰጡኝ ምክር ነበር፦ «እህቴ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስንት አመጣሽ ከማለት የትኛው ጥያቄ ከበደሽ ብለው ይጠይቋት።» እንዲሁ አደረግሁ፤ ልጄም አሁን በር ላይ ቆማ ስለ ጥያቄው ታወራኛለች፣ ውጤቱንም ሳልጠይቃት ትነግረኛለች።

የመጀመሪያው ሰሚስተር የሒሳብ ውጤቷ 76 ሆኖ መጥቷል። ፈተናው ገና ከፊታችን ስለሆነ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ መምህርትም ይህን ያህል ታመጣለች ብለው ቃል ገብተውልን አያውቁም። በእኔ አስተያየት ከፍተኛ ውጤት በዋስትና እናስመጣለን ከሚሉ ማስታወቂያዎች ይልቅ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የበለጠ ያስተማምናል።

ልጆቻችሁን ለመላክ ለምታስቡ፣ መምህርት በአንድ ጊዜ ከሦስት ተማሪ በላይ አይቀበሉም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ያስጠናሉ፣ ሌላውን ቀን ልጁ ብቻውን እንዲሠራ ይፈልጋሉ። አሳይመንት አይሠሩም፤ ልጁ ሞክሮ የተያዘበትን መስመር ግን አብረውት ያያሉ። ለፈተና ሳምንታት ሲቀሩ ብቻ የሚመጣን ተማሪ አይቀበሉም። ክፍያቸው ተመጣጣኝ ነው፤ አቅም ለሌለው ቤተሰብ እንደሚቀንሱም ጎረቤቴ ነግራኛለች። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ልጁ የተመለሱለትን የቴስት ወረቀቶች ሁሉ፣ ዝቅተኛ ያመጣባቸውንም ጭምር፣ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃሉ።