ግሌንፋርክላስ 105 እና የውሃው ልክ

በሼሪ (አልኮል የተጨመረበት የስፔን ወይን) በርሜል የበሰለ ሲንግል ሞልት፣ ማለትም ከገብስ ብቅል በአንድ መጥመቂያ ብቻ የተሠራ ውስኪ፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ለስላሳና ጣፋጭ መጠጥ ነው። ግሌንፋርክላስ 105 ግን የአልኮል መጠኑ 60 በመቶ ነው፤ ቀድቶ ወዲያው አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ የከተተ ሰው ከማቃጠሉ በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። «እሳት ነው፣ ጣዕም የለውም» ብለው የሚተዉት አብዛኞቹ የተሳሳቱት ውስኪው ላይ ሳይሆን በሚጨመርበት ውሃ ልክ ላይ ነው።

105 ዕድሜው አይደለም። በድሮው የእንግሊዝ የአልኮል መለኪያ 100 ፕሩፍ የሚባለው 57.15 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 105 ሲሰላ 60 በመቶ ይመጣል። ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አሁን በሚሸጠው ጠርሙስ ላይ ዕድሜ አልተጻፈም፤ ወጣትነቱም አልፎ አልፎ ሽታው ላይ ብቅ ይላል።

የግሌንፋርክላስ መጥመቂያ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ስፔይሳይድ በሚባለው አካባቢ፣ ከቤን ሪኔስ ተራራ ግርጌ ይገኛል። ፈቃድ ያገኘው በ1836 ሲሆን የግራንት ቤተሰብ ከገዛው ከ1865 ጀምሮ ከእጁ አልወጣም። የዚህን ውስኪ ጠባይ ለመረዳት ግን ከታሪኩ ይልቅ ስድስቱን የመዳብ ማንጠሪያዎች ማየት ይሻላል። አብዛኞቹ የስኮትላንድ መጥመቂያዎች የሚያነጥሩት በእንፋሎት ነው፤ እዚህ ግን የጋዝ እሳት ከማንጠሪያው ሥር በቀጥታ ይነዳል። የመዳቡ ወለል ከሌላው ቦታ አብልጦ ስለሚግል ፈሳሹ እዚያ ላይ በመጠኑ ይጠበሳል፤ የሚወጣውም መጠጥ ወፍራምና አፍ የሚሞላ ይሆናል። ችግሩ የእርሾውና የብቅሉ አተላ ነው። ወለሉ ላይ ከተጣበቀ ያራል፤ የማረር ሽታውም እስከ ጠርሙሱ ይከተላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ማንጠሪያ ውስጥ የመዳብ ሰንሰለት እየተሽከረከረ ወለሉን ሲፍቅ ይውላል። በ1981 እንፋሎት ተሞክሮ ነበር፤ የወጣው መጠጥ ድሮ የሚያውቁትን ክብደት ስላጣ ወደ እሳቱ ተመለሱ።

ይህ ክብደት ለሼሪ በርሜል የግድ ነው። ቀጭን መጠጥ ኦሎሮሶ (ጠቆር ያለ የሼሪ ዓይነት) የጠጣ በርሜል ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥ በመጨረሻ የሚቀምሱት እንጨትና ወይን ብቻ ነው፤ ብቅሉ ይጠፋል። 105 ላይ ገብሱ አሁንም ይሰማል።

ስለ በርሜል ከተነሳ፣ «የሼሪ በርሜል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ድሮ በርሜሎቹ ሼሪ ተጭኖባቸው ብሪታንያ የደረሱ ነበሩ። ሼሪ እዚያው ስፔን እንዲታሸግ ከተደረገበት ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን አብዛኞቹ ለውስኪ ተብለው የሚሠሩ ናቸው፤ ለአንድና ሁለት ዓመት ያህል ሼሪ ይሞላባቸዋል፣ ከዚያ ተገልብጠው ወደ ስኮትላንድ ይላካሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውስኪ የገባበት በርሜል ዘቢብ፣ ቅርንፉድና ምላስ የሚያደርቅ ታኒን ይሰጣል፤ ለሦስተኛ ጊዜ የተሞላው ደግሞ ከሽታ የዘለለ እምብዛም አይሰጥም። መለያው ላይ «ፊኒሽ» የሚል ካለ ውስኪው በሌላ በርሜል በስሎ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሼሪ በርሜል የገባ ነው። በቀለም መፍረድም አያዋጣም፤ የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ የካራሜል ቀለም መጨመርን ይፈቅዳል። ግሌንፋርክላስ ቀለም አይጨምርም።

የሼሪ በርሜል ትልቁ ጣጣ ድኝ ነው። ባዶ በርሜል እንዳይበላሽ ውስጡ ድኝ ይጨስበታል፤ ቅሪቱ ውስኪው ላይ እንደተለኮሰ ክብሪት ወይም እንደ ጎማ ይሸታል። የክብሪቱ ሽታ ቀላል ከሆነ ብርጭቆው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሲቆይ ይለቃል። ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ እንደ ጎማ የሚቀረው ግን በውሃም በጊዜም አይሄድም።

አሁን ወደ ውሃው። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር ቅዱና አሥር ደቂቃ ተዉት። ስታሸቱ አፋችሁን በትንሹ ክፈቱ፤ አልኮሉ አፍንጫን እንዳይመታ ይረዳል። ከዚያ በሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር በሚይዘው፣ ለኩ። አንድ ማንኪያ ውሃ ወደ 51 በመቶ ያወርደዋል፣ ሁለት ወደ 45፣ ሦስት ወደ 40። በአንድ ማንኪያ የብርቱካን ልጣጭና ቀረፋ ይወጣል፣ ግን አሁንም ይቆነጥጣል። በሁለተኛው ቴምሩና የተቃጠለ ስኳሩ ይከፈታል፤ ለዚህ ውስኪ ልኩ እዚህ ነው። ሦስተኛው ላይ ፍሬው ቀድሞ ይሳሳና የእንጨቱ መራራነት ብቻውን ይቀራል። ውሃውን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት፣ የገባ አይወጣም። ክሎሪን የሚሸት ውሃም አይሆንም። በረዶ ደግሞ ሽታውን ዘግቶ ታኒኑን ያጎላዋል፤ ለዚህ ጠርሙስ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ከዚያው መጥመቂያ የ15 ዓመቱ በ46 በመቶ ይታሸጋል፤ የበለጠ የተረጋጋ ነው፣ ውሃም አይጠይቅም። መለካት የማይወድ ሰው እሱን ይግዛ። ዋጋ ሲያወዳድሩ ግን 700 ሚሊ ሊትር 105 ወደ 46 በመቶ ሲቀጥን 913 ሚሊ ሊትር ገደማ እንደሚሆን አይርሱ።

ጠርሙሱን አቁሙት እንጂ አታጋድሙት፤ ክዳኑ ቡሽ ከሆነ ይህን ያህል የበረታ አልኮል እየበላ ያፈራርሰዋል። ከግማሽ በታች ሲደርስና ቶሎ የማይጨርሱት ከሆነ ወደ ትንሽ ጠርሙስ አጥልሎ እስከ አፉ መሙላት ነው፤ ከአየሩ ጋር ብዙ ከቆየ ቀድሞ የሚጠፋው ያ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው።