ሹር ኤስኤም 57፦ ክራርም ማሲንቆም ድምፅም የቀዳሁበት ማይክ

ይህን ማይክ መጠቀም ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና የሰው ድምፅ ቀድቼበታለሁ፤ ያውም ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መኝታ ቤቴ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቅዬ። ብዙ ሰው "ልግዛው ወይ?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ግዙት። ግን የት እንደምታቆሙት ካላወቃችሁ ከዚህ አሥር እጥፍ የሚወደድ ብትገዙም ያው ነው።

ዕቃው አዲስ ነገር አይደለም፤ በፈረንጆች 1965 የወጣ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ንግግር ሲያደርጉ ፊታቸው የሚቆመው ማይክ እሱ ነው። ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ፋንተም ፓወር፣ ማለትም በገመዱ በኩል የሚላክ ኤሌክትሪክ፣ አይፈልግም፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሞትም። አሜሪካ 100 ዶላር አካባቢ ይሸጣል፣ የእኔንም ከዚያ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ከሱ በፊት እዚሁ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ፎርጅድ ሆኖብኝ ገንዘቤ ቀልጧል። ትክክለኛው 284 ግራም ይመዝናል፣ እጅ ላይ ከበድ ይላል፤ ስትገዙ ሚዛን ላይ አድርጉት። ገመድና ስታንድ ለብቻ ነው የሚገዛው።

በጣም የምወድለት ነገር ፊት ለፊቱ ያለውን ሰምቶ ከጀርባው የሚመጣውን መግፋቱ ነው። የኔ መስኮት ሥር ጄኔሬተር አለ፣ ማታ ውሻ ይጮኻል። ማይኩን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ሙዚቀኛውን ፊቱን ወደ መስኮቱ አስቀምጠዋለሁ። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

መጀመሪያ የቀዳሁት ክራር ነበር። ልጁ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ትዝታ ቃኘ፣ እኔም ማይኩን ገበቴው መሀል፣ ከቆዳው ፊት ለፊት፣ ሦስት ጣት ያህል አስጠግቼ አቆምኩት። ቅርብ ሲሆን ጥሩ ይመጣል ብዬ ነዋ። ስናዳምጠው ክራሩ የታፈነ ይመስላል፤ ወፍራሙ ክር ሌላውን ሁሉ ውጦታል። የዚህ ዓይነት ማይክ ጠባይ ነው፣ ለድምፁ በተጠጋ ቁጥር ወፍራሙን ያገነዋል። ሳውንድ ካርዱን (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ዕቃ) ብነካካ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ብቆርጥ ብቀጥል አልሆን አለ። መጨረሻ ላይ "አንተ ዝም ብለህ ምታ" አልኩትና ተንበርክኬ፣ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ፣ በሌላው ጆሮዬ ክራሩን መዞር ጀመርኩ። ቆዳው መሀል ጋ ይጎረንናል። ጣቶቹ ጋ የጥፍሩ ድምፅ ይበዛል። ክሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ትንሽ ወደ ጎን፣ አንድ ስንዝር ራቅ ስል ግን ሁሉም ክር እኩል ተሰማኝ። ማይኩን ጆሮዬ የነበረበት ቦታ አቆምኩት፣ አፉን ወደ ድልድዩ አዞርኩት። አለቀ። ያንን ቅጂ እስከ ዛሬ ምንም አልነካካሁትም።

ማሲንቆ ላይ የሚያስቸግረው ደጋኑ ነው። ጭራው ከጭራ ጋር ሲፋተግ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂቱ ነፍስ ይሰጣል፣ ሲበዛ ጆሮ ያሳክካል። ስለዚህ ማይኩን ደጋኑ ከሚመላለስበት ዝቅ አድርጉና ወደ ቆዳው አነጣጥሩት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ይራቅ። ተጫዋቹ እየዘፈነ ከሆነ ደግሞ፣ ያለችኝ አንድ ማይክ ብትሆን ሁለት ሦስት ስንዝር አርቄ በአፉና በማሲንቆው መሀል አቆማታለሁ፤ ድምፁ ከበለጠ ወደ ታች፣ ማሲንቆው ከበለጠ ወደ ላይ። ሁለት ማይክ ካላችሁ፣ አንዱ ከአፍ አንድ ስንዝር ከራቀ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ ሦስት ስንዝር ይራቅ፤ አለዚያ አንዱ ድምፅ በሁለቱም ይገባና ሲቀላቀል ይሰልላል።

ለዘፈን ብዙ ሰው ኤስኤም 58 ይሻላል ይላል። ልክ ነው፣ እሱ ንፋስ የሚከላከል ክብ ወንፊት አለው። ግን 57ም ስፖንጅ ከለበሰ ለዘፈን ይሆናል። እጃችሁን ከአፋችሁ ፊት አድርጉና "ፓፓ" በሉ፤ መዳፋችሁን የመታችሁ ንፋስ ማይኩንም ይመታዋል። አሁን እጃችሁን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉ፤ ድምፁ አለ፣ ንፋሱ የለም። ማይኩም እዚያ ነው መቆም ያለበት፣ ከአፍ ጎን ሆኖ ወደ አፍ እያየ። ርቀቱ አንድ ጋት ከሆነ ድምፁ ወፍራምና ቅርብ ይሆናል፣ አንድ ስንዝር ከሆነ ፈታ ይላል። ዋናው ዘፋኙ እንዳይወዛወዝ ነው። እኔ መሬት ላይ ፕላስተር ለጥፌ "እግርህ ከዚህ እንዳያልፍ" እላለሁ።

ዋሽንት ቀላል ነው። ከሚነፋበት ጫፍ ሽሹ፣ ከጎን ሆናችሁ ወደ ቀዳዳዎቹ አነጣጥሩ፣ ስንዝር ተኩል በቂ ነው። ትንፋሹ ትንሽ ይሰማ፤ ያለሱ ዋሽንት ዋሽንት አይመስልም።

የማይኩ ድክመት ዝግ ባለ ድምፅ ላይ ነው የሚታየው። ብዙ ጌይን (ሳውንድ ካርዱ ላይ ድምፁን ማጉላት) ይፈልጋል፣ ርካሽ ሳውንድ ካርድ ላይ ደግሞ ጌይን ሲጨምሩ "ሽሽሽ" የሚል ይመጣል። ከላይም፣ በቀጭኑ ድምፅ በኩል፣ 15,000 ኸርዝ ላይ ያበቃል። ይህን የተማርኩት በበገና ነው። አንድ አባት በጾም ወቅት ቤቴ መጥተው ደረደሩልኝ። ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ስሰማቸው እንዚራው (ክሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ) ከክሩ ጋር እየተነካካ የሚያወጣው ንዝረት ደረቴ ድረስ ይገባ ነበር፤ ሄድፎኑን ሳደርግ ግማሹ የለም፣ በቦታው ያ "ሽሽታ" አለ። ሦስት ቦታ ቀያየርኩ፣ ጋቢ ጨመርኩ፣ አልሆነም። "አባባ፣ ነገ ይመለሱልኝ" ብዬ ለምኜ ከጓደኛዬ ኮንደንሰር የሚባለውን፣ ዝግ ያለ ድምፅ በደንብ የሚይዝ ማይክ ተዋስኩ። በማግስቱ ከበርኩማው (ከበገናው ድልድይ) ፊት ለፊት ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ሳቆመው ንዝረቱ እንዳለ ገባ። ለበገና ሌላ ማይክ ፈልጉ።