ቫኪዩምና የቤንዚን ግፊት የሚለካ ጌጅ ለአሮጌ ላዳ፦ አረንጓዴውን ቀለም አትመኑ

ላዳ ዳገት ላይ ሲደክም ወይም ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ላይ ሲንተፋተፍ በብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡሬተሩ ነው። ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ለሁለት ቀን የተሻለ ይመስልና ያው ይሆናል። ቀጥሎ ፓምፕ ይቀየራል፣ ከዚያ ካንዴላ፣ ከዚያ ቦቢና። ከዚህ የግምት ሥራ የሚያወጣው መሣሪያ ቫኪዩምን (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ባዶነት) እና የቤንዚን ፓምፕ ግፊትን በአንድ ፊት የሚያነብ ክብ ጌጅ ነው። እዚህ የምንገመግመው የምርት ስም የሌለውን፣ በብዛት የሚሸጠውን ተራ ዓይነት ነው፤ የሞከርነውም ቬበር እና ኦዞን ካርቡሬተር ባላቸው ላዳዎች ላይ ነው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ይገዛ። ግን ፊቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ያነበበው ሰው ጤነኛ ሞተር ያስፈታል።

በጥቅሉ ውስጥ ጌጁ፣ አንድ ሜትር የማትሞላ ቀጭን ቱቦ፣ ሾጣጣ የጎማ መሰኪያ፣ ሁለት ወይም ሦስት የፕላስቲክ ቲ ማገናኛዎች አሉ። ፊቱ ላይ በአንድ በኩል ከ0 እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም፣ በሌላው በኩል ከ0 እስከ 10 ፒኤስአይ ግፊት ተጽፏል። በቫኪዩሙ ላይ ከ17 እስከ 21 አካባቢ አረንጓዴ ተቀብቶ «ደህና» ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ የዘገየ ማቀጣጠል፣ የዘገየ ቫልቭ እያለ ጥፋት ይቆጥራል።

ችግሩ እዚያ አረንጓዴ ላይ ነው። ጌጁ የሚለካው በውጭ አየርና በማኒፎልዱ (ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚወስደው ቱቦ) ውስጥ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ሲሆን፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን 22 ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ማለትም እዚህ ፍጹም ባዶ ቢፈጠር እንኳ ጠቋሚው ከ22 ተኩል አያልፍም። ጤነኛ ላዳ ሚኒሞ ላይ በባሕር ዳርቻ ከ17 እስከ 21 ካነበበ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 14 ያነባል። ይህ ሕመም አይደለም። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ የሚቀነሰው 4 ያህል ነው፤ ጅቡቲ የደረሰ መኪና ደግሞ አረንጓዴው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጌጁ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ በመስተዋቱ ላይ ከ10 እስከ 14 ድረስ በጥፍር ቀለም ቅስት መሣል ነው። የሃምሳ ሳንቲም ሥራ ናት፤ ያለ እሷ ግን ጌጁ ከማገዝ ይልቅ ያሳስታል።

መሰኪያው ላዳ ላይ ቀላል ነው። ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ማገዣ) የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ትክክለኛው ቦታ ነው። ቱቦውን ከማኒፎልዱ ነቅሎ ሾጣጣውን መሰኪያ እዚያው መክተት ይቻላል፤ ያኔ ግን ሰርቮው ስለማይሠራ መኪናው ከቦታው ንቅንቅ አይበል። የተሻለው ቲ ማስገባት ሲሆን ቲው የሚገባው በማኒፎልዱና በሰርቮው አንድ አቅጣጫ ቫልቭ መካከል ነው። ከቫልቩ ወዲያ ከገባ ጠቋሚው አንዴ ወጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ሞተሩ ሲለዋወጥ አይከተልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከኦዞኑ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ በመጠቀም ነው። እሷ ከስሮትሉ (ከካርቡሬተሩ የአየር በር) በላይ ስለሆነች ሚኒሞ ላይ ምንም አትስብም፤ ዜሮ አይቶ ሞተሩን ሟች ነው የሚል አይጠፋም።

ከመለካቱ በፊት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር፣ የፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው መገናኛ) ከ0.35 እስከ 0.45፣ የካንዴላ ከ0.5 እስከ 0.6 መሆኑ መረጋገጥ አለበት። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚነበብ ቁጥር ዋጋ የለውም። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ይሙቅና በሚኒሞ፣ 850 ዙር ገደማ ላይ ይነበብ።

ጠቋሚው ጸጥ ብሎ ከ10 እስከ 14 ከቆመ ጥሩ ነው። ጸጥ ብሎ ግን 6 ወይም 7 ላይ ከቆመ ወይ ማቀጣጠሉ ዘግይቷል ወይ አየር እየገባ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሰርቮውን ቱቦ ከቲው በኋላ በፒንሳ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል፤ ጠቋሚው ከፍ ካለ የሰርቮው ሜምብራና ነው የሚያስገባው፣ ካርቡሬተሩ ንጹሕ ነው። ካልተለወጠ በካርቡሬተሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ዙሪያ በትንሹ ውኃ መርጨት፦ ውኃው ቀዳዳውን ለአፍታ ስለሚደፍነው ጠቋሚው ይነቃነቃል። ኦዞን ሲጠብቅ ከልክ በላይ ከተጠበቀ፣ በተለይ ትኩስ ሆኖ፣ እግሩ ይጣመማል፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባም አይዘጋም። ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በአሸዋ ወረቀት ማስተካከል ነው መፍትሔው፣ በሲሊኮን መለሰን አይደለም።

ጠቋሚው በየተወሰነ ጊዜ ደፋ ቀና ካለ አንድ ቫልቭ አልዘጋም ማለት ነው፤ በሰፊው፣ አምስትና ስድስት እየዘለለ ከተወዛወዘ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ተቃጥሏል። ሚኒሞ ላይ ተንቀጥቅጦ ዙሩ ሲጨምር የሚረጋው የቫልቭ ጋይድ መላላት ነው፤ በተቃራኒው ዙሩ ሲጨምር የሚንቀጠቀጠው የቫልቭ ሞላ ድካም ነው። ቀስ ብሎ የሚዋልለው ብዙ ጊዜ የድብልቁ ጉዳይ ነው።

ጋዙን አንዴ በኃይል ረግጦ መልቀቅ ሌላው ፈተና ነው። ጠቋሚው ወደ ዜሮ ይወርድና ሲለቀቅ ከሚኒሞው ቁጥር አልፎ፣ አዲስ አበባ ላይ 16 ገደማ ደርሶ ይመለሳል። ወጣ የማይል ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ ደክሟል። ዙሩ ከፍ ብሎ ሲያዝ ቀስ እያለ እየወረደ ከሄደ ደግሞ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ውስጡ ወድቆ ዘግቷል፤ ይህን «ቤንዚን አይደርስም» ብለው ፓምፕ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው።

ማቀጣጠሉን ለማስተካከልም ይጠቅማል። ዲስትሪቢዩተሩን ላላ አድርጎ ጠቋሚው ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ማዞር፣ ከዚያ በግማሽ ወይም በአንድ ኢንች ወደ ኋላ መልሶ ማጥበቅ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ከኳኳ ትንሽ ተጨማሪ መመለስ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ፣ ወደ ቤንዚኑ። እዚህ ከፍታ ጌጁን አያሳስተውም፤ የፓምፑ ግፊት የሚመጣው ከራሱ ሞላ ስለሆነ ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ይሠራል። የላዳ ፓምፕ ከ0.21 እስከ 0.30 ኪሎ በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ ማለትም ከ3 እስከ 4.3 ፒኤስአይ ገደማ መግፋት አለበት። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቲው በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ይገባል፣ በሁሉም ጫፍ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ይጠብቃል። ቤንዚን ወደ ሰርባቶዮው (የቤንዚን ታንኩ) የሚመልስ ቀጭን ቱቦ ያለው ኦዞን ከሆነ መመለሻዋ በልኬቱ ጊዜ ተጨምቃ ትዘጋ፤ ካለዚያ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል።

ከ3 በታች ከሆነ ፓምፑን ከመጣል በፊት ዘንጉ ይታይ። ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ ሞተሩ ሲዞር በዝቅተኛው ቦታው ከጓርኒሲዮኑ በላይ ከ0.8 እስከ 1.3 ሚሊሜትር መውጣት አለበት። ይህን የሚወስነው በፓምፑና በሞተሩ መካከል ካለው ወፍራሙ ሙቀት ከልካይ ማስቀመጫ ጋር የሚገቡት ጓርኒሲዮኖች ውፍረት ነው፤ 0.3፣ 0.75 እና 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ያላቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። ሶማሌ ተራ የሚገዛ ፓምፕ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጓርኒሲዮን ብቻ ይዞ ይመጣል። ወፍራሙ ከገባ ዘንጉ አጥሮ ግፊት ይቀንሳል፤ ቀጭኑ ከገባ ደግሞ ከ4 ተኩል አልፎ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋውን የካርቡሬተሩን መርፌ አስጨንቆ ይከፍታል፣ ቤንዚን ይሞላል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጥፋቱም በካርቡሬተሩ ይሳበባል። አዲስ ፓምፕ ተገጥሞ «የባሰበት» ላዳ ሁሉ መጀመሪያ በዚህ መፈተሽ አለበት።

ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ለጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት። ወዲያው ከወደቀ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ቱቦ ከቲው በኋላ ይጨመቅ። አሁን ከቆመ ያፈሰሰው የካርቡሬተሩ መርፌ ነው፤ አሁንም ከወደቀ የፓምፑ ቫልቮች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ብዙ ሳያዞሩ የማይነሣ ላዳ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። (በፓምፑ የእጅ ማንሻ መሙላት ሲሞከር ምንም ካልተሰማ ፓምፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ዘንጉ ተገፍቶ ቆሞ ይሆናል፣ ሞተሩን አንድ ዙር አዙሮ እንደገና መሞከር።)

ብዙዎች የማያውቁት ሦስተኛ አጠቃቀም አለ፦ ጌጁን በቫኪዩም በኩል ከፓምፑ በፊት፣ ከሰርባቶዮው በሚመጣው ቱቦ ላይ መሰካት። ሞተሩ እየሠራ 1 ወይም 2 ኢንች ቢያነብ ደህና ነው፤ ፓምፑ ቤንዚኑን ወደ ላይ ለመሳብ ያን ያህል ይፈልጋል። 5 እና ከዚያ በላይ ከወጣ መንገዱ ተዘግቷል። ያኔ የሰርባቶዮው ክዳን ይከፈት። ጠቋሚው ወዲያው ከወረደ የአየር መተንፈሻው ነው የተደፈነው፤ ካልወረደ ማጣሪያው፣ ወይም ሰርባቶዮው ውስጥ በዝገት የተሸፈነው ወንፊት ነው። ለዚህ አንድ ፈተና ብቻ እንኳ ጌጁ ዋጋውን ይመልሳል።

ዳገት ላይ ብቻ የሚደክም መኪና ቆሞ አይመረመርም። ቱቦውን አስረዝሞ ጌጁን ከመስተዋቱ ውጭ በመጥረጊያው ሥር ማሰር፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣት። ቤንዚን ያለበት ቱቦ በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ አይግባ። ጋዝ ሙሉ ተረግጦ ግፊቱ ወደ 3 እንደተጠጋ ከቆየና መኪናው ግን ከደከመ ፓምፑ ነጻ ወጥቷል፤ ችግሩ ከተንሳፋፊው ጀምሮ ወዲያ ነው። ለኦዞን ክዳኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌዋን ኳስ ሳይጫን ሲነካ፣ በተንሳፋፊውና በጓርኒሲዮኑ መካከል 6.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ግፊቱ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ሞተሩ ሲሞቅ ከወደቀ ደግሞ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ እየፈላ ነው። ከፍታ ላይ ቤንዚን በአነስተኛ ሙቀት ስለሚተን ይህ እዚህ ይበረታል። ፓምፑ ላይ የሚጣለው እርጥብ ጨርቅ ለጊዜው ያስኬዳል፤ ሙቀት ከልካዩ ማስቀመጫ ተሰንጥቆ ወይም ጭራሽ ሳይገባ ቀርቶ እንደሆነ ግን ማየት ይገባል።

ጌጁ የማይነግረን አንድ ነገር አለ፣ እሱም የድብልቁ ውፍረት ነው። 2107 ኦዞን ከፋብሪካ ሲወጣ በአንደኛው ክፍል 112፣ በሁለተኛው 150 የቤንዚን ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ) አለው፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሳሳ በዚያው ጄት ድብልቁ ከአሥር በመቶ በላይ ይወፍራል። በስሌት ለአንደኛው ክፍል 105 ወይም 106 ይደርሳል። እኛ የምንመርጠው ግን 109 ወይም 107 ላይ ቆሞ ከረጅም ጉዞ በኋላ የካንዴላውን ቀለም ማየት ነው። ጄት በሽቦ አይጠረግ፤ በአየር ብቻ።

የዕቃው ጉድለቶች። የፕላስቲክ ቲዎቹ ለቫኪዩም ይሆናሉ፤ ለቤንዚን አንጠቀምባቸውም፣ የነሐስ ቲ መግዛት ነው። ግልጹ ቱቦ ቤንዚን ከነካው በኋላ ይደርቅና ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ በእውነተኛ የቤንዚን ጎማ መቀየር አለበት። ጠቋሚው ማረጋጊያ የለውም፣ ሚኒሞ ላይ በራሱ ይንቀጠቀጣልና የጋይድ ችግር ያስመስላል፦ ቱቦውን በትንሹ ጨመቅ አድርጎ ማረጋጋት፣ ከዚያ ለምርመራው እንደገና መልቀቅ። ሲገዛ ጠቋሚው ያለ ምንም ነገር በትክክል ዜሮ ላይ መቆሙ ይታይ፤ ግማሽ ኢንች ለቫኪዩሙ አያስጨንቅም፣ ግማሽ ፒኤስአይ ግን ለቤንዚኑ ብዙ ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሁለት ሦስት ጌጅ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዜሮ ላይ የቆመውን መምረጥ ይቻላል፤ የነሐሷን ቲ፣ አንድ ሜትር የቤንዚን ጎማና ስድስት ፋሸታ አብሮ መግዛት እንዳይረሳ።