ጀበና ለዓሣ ቤት፦ ከጅማ ገበያ የገዛሁት ዕቃ እንዴት ሆነልኝ?

ይህ ስለ ጀበና የጻፍኩት አስተያየት ነው። ጀበናውን የገዛሁት ግን ቡና ላፈላበት ሳይሆን ዓሣ ላራባበት ነው። ስምንት ወር ተጠቅሜበታለሁ።

ሳሎን ውስጥ 80 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። የሚኖሩበት አፒስቶግራማ ካካቱኦይደስ የሚባሉ ድንክ ቺክሊዶች ናቸው። ቺክሊድ የሚለው ስም እንግዳ ከሆነባችሁ ቆሮሶን አስቡ። ከሐይቆቻችን ወጥቶ በየምግብ ቤቱ የሚጠበሰው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ ነው። የእኔዎቹ ዘር ግን ከአማዞን ነው፣ ከፔሩ በኩል። ወንዱ ቢያድግ ቢያድግ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጀርባው ክንፍ ፊት ፊቱ እንደ ቁንጮ ይቆማል። ሴቷ 5 ሴንቲ ሜትር ብትሞላ ነው።

ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋለች። አፒስቶግራማ ግን ዋሻ ትፈልጋለች። እንቁላሎቿን ጣሪያው ላይ ትለጥፍና ደጃፉ ላይ ዘብ ትቆማለች። ዋሻው ካልተስማማት እርባታ የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በ700 ብር የፕላስቲክ ዋሻ አስመጣሁ። በሩ ሰፊ ነው። ሌሎቹ ዓሣዎች እንደ ልባቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሴቷ ሁለት ጊዜ እንቁላል ጣለች፣ ሁለቴም በማግስቱ ጣሪያው ባዶ ነበር። ቀለሙም በወሩ መላጥ ጀመረ። ያኔ በጣም አዘንኩ፤ ዓሣዎቹ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ጭኜ ያመጣኋቸው ናቸውና።

ከዚያ የእማዬ ጀበና አንገቱ ተሰበረ። ልትጥለው ስትል ከእጇ ተቀበልኳት።

«ምን ልታደርገው ነው ልጄ?»

«ለዓሣዎቹ ቤት።»

«አሥር ዓመት ቡና የጠጣ ሸክላ ነው እኮ!»

ልክ ነበረች። በሁለት ቀን ውሃው ሻይ መሰለ፣ ላዩ ላይም የቡና ቅባት ተንሳፈፈ። ወዲያው አወጣሁት። ሴቷ ግን በነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ከሆዱ አልወጣችም ነበር። ሸክላውን እንደወደደችው ገባኝ። ስለዚህ ሐሙስ ገበያ ወጥቼ አዲስ ገዛሁ፤ ትንሹን፣ በ150 ብር። ሻጯ «ማቶቱንስ?» አሉኝ። «አያስፈልገኝም እናቴ፣ ውሃ ውስጥ ነው የማስተኛው» ስላቸው ጀበናውን መልሰው ከእጄ ወሰዱና ሌላ መርጠው ሰጡኝ። «ይሄ በደንብ የበሰለ ነው፣ ውሃ አያፈርሰውም» አሉ። በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ድምፁን አሰሙኝ። እውነታቸውን ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ቦታ እንኳ አልፈረፈረም።

እኔም አሁን የምመርጠው እንደሳቸው ነው። ሲመታ ጥርት ብሎ የሚጮኸውን እወስዳለሁ። በእጄ ሳሸው ቅባት የሚለቀውን፣ ለማብለጭለጭ የተቀባውን አልነካም። ቤት ሳመጣው ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ውሃውንም በየቀኑ እቀይራለሁ።

አንገቱን በተመለከተ ተሳስቼ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ እንዳለ አስገባሁት። ሴቷ ገብታ ጣለች፣ እንቁላሎቹ ግን በሁለተኛው ቀን ነጭ ሆነው ሻገቱ። ረጅምና ጠባብ አንገት ስለሆነ የወንዱ ዘር ውስጥ ድረስ አልደረሰም። አሁን አንገቱን በብረት መጋዝ ቆርጬ ሁለት ጣት ያህል ብቻ አስቀራለሁ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። በሩ ሴቷን በደንብ ያሳልፋል። ወንዱ ጭንቅላቱን አስገብቶ ሥራውን ይጨርሳል እንጂ ውስጥ ገብቶ አይዞርባትም።

ጀበናውን በጎኑ አስተኝቼ ግማሽ ሆዱን አሸዋ ውስጥ እቀብረዋለሁ። አፉን ወደ መስታወቱ አዞራለሁ። ዙሪያውን የደረቀ የዘይቱን ቅጠል እበትናለሁ፤ ውሃውን ትንሽ ቡናማ ያደርገዋል፣ በተፈጥሮም የሚኖሩት የረገፈ ቅጠል በሞላበት ስፍራ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በባልዲ አንድ ቀን አሳድሬ ነው የምጨምረው።

ሰኔ ውስጥ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልኬ ባትሪ ጀበናው ውስጥ አየሁ። ሴቷ ቢጫ ሆናለች፣ እንደ አደይ አበባ ቦግ ያለ ቢጫ፤ ጎኗ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ከጣሪያው ላይ ከጤፍ ከፍ የሚሉ ቀላ ያሉ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል። በክንፏ ታራግብላቸዋለች፣ አታርፍም። ብርሃኑን ሳስጠጋ ወደ መስታወቱ ተወርውራ ጣቴን ልትነክስ መጣች። ብዙ ጊዜ ቆሜ አየኋት።

ከተጣሉ በ9ኛው ቀን ልጆቹን ይዛ ወጣች። ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እነሱ እንደ ደመና ይከተሏታል። ሲመሽ ሰብስባ ወደ ጀበናው ትመልሳቸዋለች። ያበላኋቸው አርቴሚያ የሚባሉ ጥቃቅን የጨው ውሃ እንስሳትን ነው፤ ዕንቁላሉን በሃይላንድ ጠርሙስ ጨው ውሃ ውስጥ ከኤር ፓምፕ ጋር አድርጌ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ አስፈለፍላለሁ።

ጀበናው የማይፈታው ነገር ቅዝቃዜ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ የክረምት ሌሊቷ ይበርዳል። ሂተሩ ሲጠፋ ውሃዬ ከ26 ወደ 21 ዲግሪ ወርዷል። አኳሪየሙን በጋቢ ጠቅልዬ አድሬያለሁ። ይህ ለልጆቹ ሕይወት ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አፒስቶግራማዎች ወንድ ወይም ሴት የሚሆኑት በሙቀትም ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ወንዱ ይበዛል፣ ሲቀዘቅዝ ሴቷ። የእኔ 31 ልጆች አድገው 22ቱ ሴት ሆነዋል። ዓሣ ለሚያራባ ሰው ሴት መብዛቱ አይከፋም፤ ቁንጮ ያለው ወንድ ግን አምሮኝ ነበር።

ሌላው ችግሩ ውስጡን እንደ ልብ አለማየት ነው። ከሆዱ ኋላ ያለውን ቆሻሻ በሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ ነው የምስበው፣ እሱም በየሳምንቱ። ይህን ካልወደዳችሁ የአበባ ሸክላ ግማሹን ቆርጣችሁ ድፉት፤ ለማየት ይመቻል፣ ሴቷ ግን ቤቴ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥላት ሦስቴም ጀበናውን ነው የመረጠችው።

ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ፤ ግማሹን የቀነስኩት ለጽዳቱ ነው። ሐሙስ ከረፋዱ በፊት ሂዱ፤ ትንንሾቹ ጀበናዎች ቶሎ ያልቃሉ። እኔም በዚህ ሳምንት ለሁለቱ ወጣት ሴቶች ሁለት እገዛለሁ።