ማደሪያ የሆነ ዶልፊን፦ ከ11 ወር በኋላ ስለ ዕቃ አቀማመጡና ስለ ጥገናው

መኪናው 5ኤል የሚባል ሞተር ያለው ዶልፊን ነው፤ 2,986 ሲሲ ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው አንድ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት አልጋ፣ መደርደሪያ፣ ማብሰያና ሁለተኛ ባትሪ ገጠመለት። ከኅዳር እስከ መስከረም 19,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል፤ ሁለት የመስኖ ፓምፕ ሠራተኞች ከነመሣሪያቸው ያድሩበታል። መስመሩ በአንድ በኩል ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ኢንጅባራ፣ ባሕር ዳር፤ በሌላ በኩል ቢቸና፣ ሞጣ፣ አዴት። ዶልፊንን የማያውቅ ስለሌለ ስለ መኪናው አናበዛም። የምንገመግመው ውስጡ የተገጠመውንና መንገድ ላይ ብልሽት ሲመጣ የሚያግዝ ወይም የሚያደናቅፍ መሆኑን ነው።

የ11 ወሩ ጣጣ ግማሹ ከአንድ ነገር የመጣ ነው፦ ዕቃው የተደረደረው የመኝታ ሰዓት ብቻ ታስቦ ነው። መኪና ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ዕቃውን አጥብቆ የሚፈልገው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ የእጅ ባትሪ ይዞ ነው።

በፊት ወንበሮች እንጀምር። የዶልፊን ሞተር ከእነሱ ሥር ነው። ሠሪዎቹ በሁለቱ ወንበሮች መካከል የሰነድ ሳጥን ሠርተው፣ የብርጭቆ መያዣ ጨምረው፣ በስምንት ቡሎን ወለሉ ላይ አሰሩት። ያምራል። የሞተሩን ክዳን ለማንሳት ግን ስምንቱም መፈታት አለባቸው፤ የሁለቱ ዳዶ ከወለሉ ሥር ስለሆነ አንድ ሰው መኪናው ሥር ገብቶ መያዝ አለበት። በየጠዋቱ ይታይ የነበረው ዘይትና ውኃ በሳምንት አንዴ መታየት ጀመረ። የሳጥኑ ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው። አሁን ወጥቶ ክዳኑ ላይ የሚነጠፍ፣ ኪስ ያለው ሸራ ተተክቷል። የምታሠሩ ከሆነ ለሠሪው «ከፊት ወንበሮቹ ኋላ ጀምር» በሉት።

የሞተሩ ክዳን በቀላሉ ይከፈት ብለን ይህን ያህል አጥብቀን የምንናገረው በቺንጊያው ምክንያት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ዲናሞውንና የውኃ ፓምፑን የሚያዞሩት እነዚያው ቺንጊያዎች ናቸው፤ የፍሬን ርግጫን የሚያቀልለው ሰርቮ ቫኪዩም (አየር የመምጠጥ ኃይል) የሚያገኘውም ከዲናሞው ጀርባ ከተገጠመች ትንሽ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ቺንጊያ ሲበጠስ ቻርጁ፣ ማቀዝቀዣውና የፍሬኑ እገዛ ተያይዘው ይሄዳሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሁለት ርግጫ በተጠራቀመው ቫኪዩም ይሠራል፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ፍሬኑ አለ፣ በሙሉ ጉልበት መርገጥ ነው የሚፈልገው፤ ይህን ያላወቀ ሾፌር ግን ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ቁልቁለት ላይ ቀይዋ የባትሪ መብራት ከበራች በከባድ ማርሽ ሆኖ ዳር መያዝ ነው፤ «የባትሪ ነገር ነው፣ ታች ደርሰን እናየዋለን» አይባልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ የሸራ ቦርሳ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ይንጠለጠላል፦ አንድ ሙሉ ጥንድ ቺንጊያ፣ የ12 እና የ14 ቁልፍ፣ ዲናሞውን ገፍቶ የሚይዝ አጭር ብረት፣ የግንባር መብራት፣ ጨርቅ። ቺንጊያው ከገባ በኋላ መሐሉን በአውራ ጣት ጫን ሲሉት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። አዲስ ቺንጊያ ስለሚለጠጥ በማግስቱ እንደገና ይወጠራል። ይህቺን ማግስት የዘለለ ሰው ቺንጊያው ሲጮህ ይሰማዋል።

ወደ አልጋው። ክፈፉ 25 በ25 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይበቃል። ስህተቱ ከወለሉ ጋር በስድስት ቦታ መበየዱ ነበር። የመኪና አካል በመጥፎ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፤ ግትር ብረት አብሮት መጠማዘዝ ስለማይችል ብየዳው ጥግ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ወር ከስድስቱ ሦስቱ ተሰነጠቁ። አሁን ክፈፉ በአሮጌዎቹ የወንበር ቡሎን ቀዳዳዎች በአራት ቦታ ብቻ ታስሯል፣ በብረቱና በወለሉ መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ 5 ሚሊ ሜትር ላስቲክ አለ፣ ዳዶው ድርብ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተሰነጠቀም፣ መንጫጫቱም ቀርቷል።

ጣውላው መጀመሪያ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ) ነበር። 122 በ244 የሆነው አንዱ ጣውላ 39 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ የገባው ሁለት ተኩል ነው። ክብደቱን እንኳ ብንችለው ውኃውን አልቻለም፤ ኢንጅባራ ላይ በሐምሌ ጠርዙ እንደ ረሰረሰ ዳቦ አበጠ። በ12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ሲተካ ክብደቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ጠርዞቹ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባሉ፤ ውኃ የሚገባው በተቆረጠው በኩል ነውና። ከፍራሹ ሥር በየ15 ሴንቲ ሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለ። ይህ ካልተደረገ ሁለት ሰው ሲተነፍስ ያደረው እርጥበት ፍራሹ ሥር ተጠራቅሞ ይሻግታል። ቀዳዳው ብቻውን አይበቃም፤ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ማደር አለበት፣ ብርድ ቢሆንም።

ብርዱን በከሰል ለማባረር ማሰብ ግን የለም። አዊ ውስጥ የግራር ከሰል መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተደርድሮ ይጠብቃል፣ ዋጋውም ያጓጓል። ጭሱ የጠፋ ፍም ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ቡናም ውጭ ይፈላል፣ ፍሙም ውጭ ያድራል።

መሳቢያዎቹን ሙሉ በሙሉ አውጥተናቸዋል። ሐዲዳቸው አቧራ ሲገባበት ይነክሳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መቀርቀሪያው ለቆ መሳቢያው ሹልክ ብሎ ይወጣል። ምትካቸው የለስላሳ ጠርሙስ የሚመላለስባቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው መከፋፈያ በመጋዝ ይወጣል። ረከስ ይላሉ፣ በየከተማው ይገኛሉ፣ ቢሰበሩ አይቆጭም። አንድ ነገር ብቻ፦ መጀመሪያ ሳጥኑን ግዙ፣ ለኩ፣ ከዚያ ብረቱ ይቆረጥ። የእኛ ክፈፍ በሁለት ሴንቲ ሜትር ጠቦ አንዱ ረድፍ በጎኑ ነው የሚገባው።

ማሰሪያው ከአሮጌ ከመነዳሪ በ4 ሴንቲ ሜትር ስፋት የተቀደደ ጎማ ነው። መንጠቆ ያለው የሱቅ ላስቲክ በሦስት ወር ይላላል፣ መንጠቆውም ሲፈናጠር ዓይን ያጠፋል። ከመነዳሪው አንድ ተኩል እጥፍ እስኪሆን ተስቦ ይታሰራል። ፖርቶመጋላ ላይ ያለውን ፀሐይ ስለሚሰነጥቀው በየስድስት ወሩ ይቀየራል፤ ውስጥ ያለው ግን እንደገባ አለ። ጎሚስታ ቤት ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የከፍታው ነገር ነው። ዓባይ ሥር ተዘግቶ ደብረ ማርቆስ የወጣ የዘይት ጀሪካን ውስጡ የታመቀው አየር ያብጥና በክዳኑ በኩል ያስተፋዋል። ዘይትና ማር ደረታቸው ከፍ ያለ ትሪ ውስጥ ይቀመጡ፤ ከዳገቱ በኋላ ክዳናቸው አንዴ ላላ ተደርጎ ይዘጋ። በዚያው ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስርና ባቄላ ቡታጋዝ ይፈጃሉ፤ ትንሽ ፕሬሸር ኩከር ቦታዋን ታስከፍላለች ግን ትክሳለች። ጀበናዋ ስፖንጅ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ነው የምትጓዘው፣ እስካሁን አልተሰበረችም።

መብራቱ ላይ የገጠመው ችግር ቀላልና የተለመደ ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር ከባትሪው 4 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተቀጥሎ ነበር። 300 ዋት በ12 ቮልት 25 አምፔር ነው። ሽቦው ደርሶ መልስ 8 ሜትር ሲሆን መንገድ ላይ 1.4 ቮልት ይበላል፤ ባትሪው 12.2 ቢኖረውም ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 10.8 ነው፣ ስለዚህ እየጮኸ ይጠፋል። ባትሪው ሞተ ተብሎ ሊቀየር ለጥቂት ነው የተረፈው። መፍትሔው ኢንቨርተሩን ባትሪው አጠገብ አምጥቶ በ1 ሜትር 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መቀጠል፣ ባትሪው ሥር ባለ 40 አምፔር ፊዩዝ ማስገባት ነበር። ረጅሙን መንገድ 220ው ይሂድ። የሽቦ ጫፍ ደግሞ በመጭመቂያ ይታሰር እንጂ በቆርቆሮ አይበየድ፤ ብየዳው ያደረቀው ቦታ በንዝረት ይቆረጣል።

ናፍጣ በጀሪካን ሲቀዳ ውኃ አብሮ ይመጣል። የማጣሪያው መብራት ሲበራ፦ ሞተር ይጠፋል፣ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ከማጣሪያው ሥር ይደረጋል፣ የታችኛው ማፍሰሻ ሁለት ዙር ያህል ይላላል፣ ከላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ትገፋለች፣ ማፍሰሻው በእጅ ብቻ ይጠብቃል። በፒንሳ ካጠበቃችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ክሩ ይበላል። ትርፍ ማጣሪያ አንድ፣ ሁልጊዜ።

ጎማ። ትርፍ ጎማው ከኋላ ከወለሉ ሥር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ማውረጃው ብረት፣ ክሪኩና የ21 ቁልፉ ግን በመጀመሪያው አሠራር ከፍራሹ ሥር ነበሩ። ዝናብ ላይ ፍራሽ ማውጣት፣ ስድስት ሳጥን ማውረድ፣ ከዚያ ጎማ መቀየር። አሁን አራቱም ነገር ከኋላ በር በግራ ጎን ነው፤ አራተኛው 30 በ30 ስፋት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ ነው። የቢቸና ዋልካ በክረምት ባለ 2 ቶን ክሪክን ያለ ጣውላ ቁልቁል ይውጠዋል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። የሰንሰለቱን ማንሻ በየወሩ ግራሶ ቀቡት፤ ዋልካው ደርቆ ከያዘው ማውረጃው ይዞርና ጎማው አይወርድም። ለመደገፊያ ያስገባችሁትን ድንጋይ ስትሄዱ ከአስፋልቱ አንሱ፣ ከኋላችሁ ሌላ ሰው አለ።

ያልተፈታው አቧራው ነው። ጠጠር መንገድ ላይ መኪናው ከኋላው አየር ስለሚስብ አቧራው በኋላ በር ጠርዝ በኩል ይገባል። የበሩ ላስቲክ ተቀይሯል፤ የኋላ መስኮቶች ተዘግተው የፊቱ አየር ማስገቢያ ሲከፈትና ፋኑ ሲነሳ ውስጡ ስለሚሞላ ይቀንሳል። ከሞጣ አዴት በተሄደ ቁጥር ግን የሽሮው ዕቃ ክዳን ላይ በጣት ስም ይጻፋል።